ካርታው በማን ስም ነው?

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አመሻችሁ። አካም ጅርቱ።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። መብራት ሲጠፋ በስልክ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት እየሠራችሁ እዚህ ደርሳችኋል። አዘጋጆቹ ለእኔ የሰጡኝ አሥር ደቂቃ ነው። ርዕሱንም ነግረውኛል፤ «በዎርድፕረስ ለደንበኛው በልኩ የተሰፋ ዌብሳይት ስለመሥራት» ነው፤ ዎርድፕረስ የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ርዕሱን እነካካዋለሁ። የመጣሁት ግን ለሌላ ነገር ነው።

የቡና ላኪውን የሐጂን ታሪክ ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሐጂ አፍ ነው የሰማችሁት፤ ሐጂ ደግሞ ጨዋ ስለሆኑ ዌብሳይታቸውን የሠራውን ልጅ ስም አይጠሩም። ልጁ እኔ ነኝ። እሳቸውም ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዛሬ ከእኔ ስሙት።

2008 ዓ.ም. ነው። መጋዘናቸው ሄድኩ። ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ ሰጡኝ፤ ቡና ተፈላ። ሐጂ የፈለጉት ቀላል ነገር ነው። ውጭ አገር ያለ ገዢ ቡናቸውን እንዲያይላቸው። «ይሠራል» አልኩ። ያኔ ሁሉም ነገር ይሠራል ነበር የምለው።

ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ መግዛት ነበረብን። ነጥብ ኮም በዶላር ነው የሚከፈለው። ሐጂ ዶላር የሚከፍል ካርድ የላቸውም። እኔም የለኝም። አሜሪካ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ደወልኩለት። በአምስት ደቂቃ ገዛልኝ። በማን ስም? በራሱ። በማን ኢሜይል? በራሱ። ሆስቲንጉን፣ ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን የኪራይ ቦታ፣ ደግሞ እኔ በራሴ ኢሜይል ከፈትኩ። ሁሉን የሚያዝበትን የዎርድፕረሱን የአድሚን ፓስወርድም እኔው ያዝኩ። ሐጂ እጅ የገባው ምንድን ነው? ደረሰኝ። እሱም በእስክሪብቶ የተጻፈ።

ተንኮል አልነበረም። ማንም እንዲህ ነበር የሚሠራው። ዛሬም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

ሐጂ አድራሻቸውን ወደዱት። ቢዝነስ ካርድ ላይ አሳተሙት። የመጋዘኑ በር ላይ አስጻፉት። ከዚያ 60 ኪሎ የሚይዘው ጆንያ ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከስማቸው በታች አስመቱት። ጆንያው መርከብ ላይ ወጣ።

ሦስት ዓመት ተከፈለ። በአራተኛው የአክስቴ ልጅ ካርድ ጊዜው አለፈበት። ማስጠንቀቂያው ወደ እሱ ኢሜይል ሄደ። እሱ ደግሞ ያንን ኢሜይል ከተወው ቆይቷል። ዌብሳይቱ ጠፋ። ሐጂ ደወሉልኝ። «ኔትወርክ ነው ሐጂ» አልኳቸው። እኛ አገር ያልገባን ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው።

ነጥብ ኮም ጊዜው ስላለፈ ብቻ በማግስቱ አይወሰድም። መጀመሪያ ሻጩ የሚሰጠው እፎይታ አለ። ቀጥሎ ባለቤቱ ቅጣት ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ 5 ቀን ይጠበቃል። ከዚያ ነው ለማንም የሚለቀቀው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ «ኔትወርክ ነው» እያልኩ ነበር።

አንድ ቀን ከጀርመን ገዢያቸው መልእክት መጣ። ሰውየው ጆንያው ላይ ያለውን አድራሻ ከፍቷል። ስሙን ሌሎች ገዝተውት ኖሮ፣ የተከፈተለት የቁማር ዌብሳይት ነው። ሐጂ እኮ ከቤት ካርታ ሌላ ካርታ ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው!

መጋዘን ሄድኩ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺኑ በርጩማ ሰጡኝና ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ስሙ የተመዘገበው በማን ነበር?» ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ ዝም አሉና፣ «ታዲያ እኔ ይኼን መጋዘን ሳሠራ ካርታውን በግንበኛው ስም ነው ያወጣሁት?» አሉኝ።

እስካሁን መልስ የለኝም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆቴል ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ ቡና የምትልኩ አላችሁ። ዶሜይናችሁ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ የምታውቁ እጅ አውጡ ልል ነበር። ተውኩት፤ በድግስ ቀን ሰው አላሳፍርም። ነገ ግን ጠይቁ። ዴቨሎፐራችሁ፣ ዌብሳይቱን የሠራላችሁ ሰው፣ «ቴክኒካል ነው፣ አይገባችሁም» ካላችሁ፣ የቤት ካርታም ቴክኒካል ነው በሉት!

ወንድሞቼ ዴቨሎፐሮች፣ ከእናንተ ጋርም ጉዳይ አለኝ። «ፓስወርዱን ከሰጠሁት ደንበኛው ያመልጠኛል» ትላላችሁ። በሻይ ቤት ሰምቻችኋለሁ። ደንበኛ በግ ነው እንዴ በገመድ የምታስሩት? አንዲት የሆቴል ባለቤት ዌብሳይታቸው ላይ ስልክ ቁጥር ለማስቀየር ስምንት መቶ ብር ከፍለዋል። የተቀየረችው አንዲት አሃዝ ናት። ዎርድፕረስ የተሠራው እኮ ያቺን አሃዝ ባለቤቷ ራሳቸው ቡናቸውን እየጠጡ እንዲቀይሩ ነው!

ዎርድፕረስ እንዴት እንደተወለደ ታውቃላችሁ? ዴቨሎፐር ጠፍቶ ነው። ቢ2 የሚባል የብሎግ ፕሮግራም ነበር። የሚሠራው ሰው ድምፁ ጠፋ። ተጠቃሚዎቹ ግን እንደ ሐጂ ሜዳ ላይ አልቀሩም። ኮዱ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ የተለቀቀ ነበር። ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል ያንኑ አንስተው ቀጠሉበት፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ዎርድፕረስ ብለው አወጡት። ዛሬ በዓለም ካሉት ዌብሳይቶች ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በእሱ ይሠራል። ይኼ ሁሉ የሆነው በሩ ስላልተቆለፈ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ፕሮግራም በነፃ አውርደን፣ ለሰው ሠርተን፣ ቆልፈን ቁልፉን ኪሳችን እንከታለን። ለ«ዎርድፕረስ ላይሰንስ» ብሎ ብር የተቀበለም አለ። ዎርድፕረስ የላይሰንስ ክፍያ የለውም። የምንሸጠው ድካማችንን ነው፤ እሱን በስሙ ጠርተን እንሽጥ።

ካርድ የለንም ለምትሉ፣ በነጥብ ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በብር ይከፈላል። ነጥብ ኮም ካላችሁም ዘመድ ይክፈል፣ ግን ምዝገባው በባለቤቱ ስምና ኢሜይል ይሁን። አድሚንነቱ የባለቤቱ ነው። ዕለት ዕለት ጽሑፍ ለሚያስገባው ሠራተኛ ኤዲተር፣ ማለትም ጽሑፉን ብቻ የሚያዝ፣ መሆን ይበቃዋል።

በልኩ ስለተሰፋ ዌብሳይት ቃል ገብቼ ነበር። በአጭሩ፣ የሊሙን ቡና የደቡብ አሜሪካ ተራራ ፎቶ ላይ አትሽጡት። ገዢው የታጠበ ነው ወይስ ጀንፈል፣ ከየት ወረዳ ነው፣ ከፍታው ስንት ነው ይላል፤ ገጹ እሱን ይመልስ። አማርኛውንና አፋን ኦሮሞውን እንደ ሥዕል አትለጥፉት፤ በፊደል ካልተጻፈ ጉግል በቀላሉ አያገኘውም። ከካሜራ የወጣ ፎቶ እንዳለ አትጫኑ፤ የሰው ዳታ ነው የሚበላው። ቲም የዌብሳይቱ መልክ ነው፤ ሳይከፈልበት ክራክ የተደረገ ቲም ደግሞ ከነሌባው ነው የሚመጣው። ለውጣችሁን ከዋናው ቲም ላይ በሚደረበው ቻይልድ ቲም ላይ አድርጉ፤ አለዚያ ቲሙ አፕዴት በተደረገ ቀን ድካማችሁ ይጠፋል። ሌላውን ተምራችኋል።

ሐጂ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። አሮጌው ስም አልተመለሰም። የገዙት ሰዎች የጠየቁትን ገንዘብ እዚህ አልናገርም። አዲሱ ግን በእርስዎ ስም ነው፤ በልጅዎ ኢሜይል ሳይሆን በእርስዎ፤ እሷ ራሷ ናት የከፈተችልዎት። በዚህ ፖስታ ውስጥ የዶሜይኑ፣ የሆስቲንጉና የዎርድፕረሱ መግቢያ ተጽፏል። ፍላሹ ላይ ያለው ባክአፕ፣ የዌብሳይቱ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነው። የሚታደስበትን ቀን በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ከካርታዎ ጋር ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

ይምጡና ይውሰዱት። ልጅዎም ትምጣ፣ ላፕቶፑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ፓስወርዱን አሁኑኑ ይቀይሩት። እኔ ዞሬ እቆማለሁ።