ለብቻ የተጠመቀ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራችሁ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወረቀቱም ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ግን ቤታችን ከነበረው የሚካኤል ማኅበር ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። እሱን ሳልናገር ሌላውን ብጀምር መሃል ላይ መጥቶ እንደሚያቋርጠኝ አውቃለሁ።

አዎ፣ ስለ ጠላው ነው፤ ለአባቴ አቅሙን ቀንሼ ለብቻ ስለጠመቅሁት። የበረንዳው ሰማያዊ ባልዲ ከምን ደረሰ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ጠላው ደርሷል፣ ተጠልሏል፣ ተጠጥቷል። አባባም ጠጥተውታል።

ጠጥተውም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። አባባ ውሃ ሳቀብላቸው "ተባረኪ" ይሉኛል። ቡና ሳቀርብላቸው "እደጊ" ይሉኛል፤ 38 ዓመቴ ነው፣ ዛሬም እደጊ ነው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" የሚሉት ለጎረቤት ነው፣ በታክሲ ውስጥ ቦታ ለለቀቀላቸው ወጣት ነው፣ ሰው ቤት ተጋብዘው ሲሄዱ ነው። በገዛ ቤታቸው፣ ለገዛ ልጃቸው ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ራሳቸውንም ትንሽ ዝቅ አደረጉ። እሱንም አይቻለሁ።

ቆይ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ልንገራችሁ።

ሐኪሙ "መጠጥ ቢቻል ይተዉት፤ ካልሆነም ይቀንሱ" ሲላቸው ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አባባ የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። እኔ የያዝሁት ሁለተኛውን ነው። በመንገድ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤት ገብተው ጫማቸውን እየፈቱ ግን "እንግዲህ ተራዬ ሲደርስ ምን ይዤ ልቀመጥ ነው?" አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ጎንበስ ብለው ለጫማቸው የነገሩት ነው የሚመስለው። እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ወሰድኩት። የሚካኤል ማኅበርተኛ ሁሉ ጠላ ይዞ፣ የቤቱ ባለቤት ለስላሳ ይዘው ሲቀመጡ ታየኝ፤ አልቻልኩም።

አክስቴ "ቅራሪ ስጪው፣ ምን ያስጨንቅሻል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በቀረው ድፍድፍ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ፣ እርሾው አብዛኛውን ስኳር አስቀድሞ ስለጨረሰው ሰው ብዙም አያሰክርም። እኛም በልጅነታችን የጠጣነው እሱን ነው። ግን አባባ ቅራሪን ከሽታው ያውቁታል። ቀጭን ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ አፍ ውስጥ አይቆይም። ቅራሪ የልጅ ነው፤ ከሥራ ውሎ የተጠማ ሰው ይጠጣዋል። ለማኅበሩ ተረኛ በቀንድ ዋንጫ አይቀርብም። እኔ የፈለግሁት አቅሙ የቅራሪ፣ መልኩና ክብሩ የጠላ የሆነ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ወይ? ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁት ለዚሁ ነው።

ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። እርሾ ስኳር በልቶ አልኮል ይሰጣል። ስኳሩ የሚመጣው ከእህሉ ስታርች ነው፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰብረው ደግሞ ብቅሉ ነው። እንግዲያው ብቅሉን ቀንሺ፣ ስኳሩ ይቀንሳል፣ አልኮሉም ይቀንሳል። አክስቴ ሁለት ጣሳ በምታደርግበት ቦታ አንድ ጣሳ እንኳን ያልሞላ ብቅል ሳደርግ አይታ "ይህ ጥንስሱን ያሳፍረዋል" አለች። ጌሾውን ግን አልነካሁትም፤ ልማዱ እንደሆነ ተውኩት። ስህተቱ እዚያ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስቀምሰው መድኃኒት ሆኗል። ምላሴ ላይ የቀረው ጌሾ ብቻ ነው። ለካ አልኮል የሚያሰክር ብቻ አይደለም፤ ለመጠጡ ውፍረትና የጣፋጭነት ስሜት ይሰጠዋል፣ ምሬቱን ይሸፍንለታል። እሱን ስታወጡት ጌሾው ራቁቱን ይቀራል።

በሁለተኛው ጌሾውን በግማሽ ቀነስኩ። እንጨቱን ትቼ ቅጠሉን ብቻ፣ እሱንም ለሁለት ቀን ብቻ አቆየሁት። ውፍረቱን ለመመለስ ደግሞ ገብሱን ከወትሮው አጥቁሬ አመስኩ። ጠቆር ብሎ የታመሰ እህል ቀለምና ጣዕም ይሰጣል እንጂ ለእርሾው ብዙ ምግብ አይተውለትም። ደግሞ ሽታው! እንኩሮ ሲታመስ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ ታውቁታላችሁ? ምጣዱ ላይ እርጥቡ ዱቄት መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ከዚያ እየፈረፈረ እፍኝ የማይጨብጠው አሸዋ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። እዚያች ላይ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ ብትቆዩ ምሬቱ የጌሾ ሳይሆን የከሰል ይሆናል። አባባ ከመኝታ ቤት ሆነው "ማን ሊያገባ ነው?" ብለው ጠየቁ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ባልዲውን በግራዋ አጥቤ፣ ክዳኑን በወይራ ጭስ አጥኜ፣ እጄ ሁሉ ጭስ ጭስ እያለ ነበር የተኛሁት።

የፕላስቲክ ባልዲ በጭስ አይታጠንም ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ሦስተኛው ጊዜ ከአክስቴ ትንሽ እንስራ ተውሼ በእሷ ነው የጠመቅሁት።

እንዴት አቅሙን እንዳወቅሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ሃይድሮሜትር ገዝቼ ነበር። ቢራ ለሚጠምቅ ሰው መሣሪያው ቢራው ከመብላላቱ በፊትና በኋላ ያለውን የፈሳሹን እፍጋት ያነብለታል፤ ልዩነቱን በ131 ያባዛል፣ አበቃ። ለምሳሌ 1.040 ተነስቶ 1.010 ላይ ከቆመ አልኮሉ 4 በመቶ አካባቢ ነው። ጠላ ግን እንዲህ አይለካም። በቢራ ስኳሩ ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው እርሾው የሚገባበት። በጠላ ብቅሉ ከወዲህ ስኳር እየሠራ እርሾው ከወዲያ ይበላዋል፤ መነሻ የሚባል ቁጥር የለም። የመጀመሪያ ቀን ያነበብኩት ቁጥር የምንም ቁጥር አልነበረም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ሄድኩ። የተጠለለውን ጠላ ጋዙን በደንብ አራግፌ እፍጋቱን ለካሁት። ከዚያ መጠኑን መዝግቤ፣ ግማሽ እስኪቀር አፈላሁት፤ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ እስከ ቀድሞ መጠኑ ድረስ ሞልቼ፣ እስከ 20 ዲግሪ አቀዝቅዤ እንደገና ለካሁት። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል፣ ሲወጣ ፈሳሹ ይከብዳል። የአክስቴ ጠላ በ0.007 ከበደ፤ ይህ ወደ 5 በመቶ ነው። የእኔው በ0.003 ከበደ፤ ወደ 2 በመቶ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

2 በመቶ ግን ዋጋ አለው። አቅሙ የቀነሰ መጠጥ ጠባቂው ቀንሷል። አልኮሉ ትንሽ፣ ጌሾው ትንሽ፤ ታዲያ ማን ይጠብቀዋል? ቶሎ ይኮመጥጣል። እርሾውም አልሞተም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ያዘግማል እንጂ አይቆምም። ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት አይሆንም። ከማኅበሩ ሁለት ቀን በፊት አጥልዬ፣ በማሰሮ አድርጌ፣ ማቀዝቀዣው ታች አስቀመጥኩት። ለእንግዳው የሚሆነውን ጋን ሙሉ ጠላ አክስቴ ጠመቀች።

እና ያ ቀን ደረሰ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋው ዞረ። ጽዋው ከጋኑ ነው፤ አባባም እንደ ሰው ሁሉ ከጽዋው ቀመሱ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሁለት ወር ስለ ብቅልና ስለ እፍጋት ሳስብ፣ ከንፈራቸው መጀመሪያ የእውነተኛውን እንደሚነካ አላሰብኩም። ከዚያ ለሰው ሁሉ በብርጭቆ ተቀዳ። ለአባባ በቀንድ ዋንጫቸው ከማሰሮው ቀዳሁላቸው። ዋንጫውን የመረጥኩት ክብራቸው ስለሆነ ነው ብዬ ለአክስቴ ነገርኳት። እውነት ነው። ግን ቀንድ አያሳይም፤ ውስጡ ያለው ከሌላው ጋር በመልክ አይነጻጸርም። እሱንም አስቤበታለሁ።

በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ጠጡ፤ ብዙ አይደለም። ዋጡ። ዋንጫውን ከአፋቸው ሳያርቁ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አዘንብለው ውስጡን ተመለከቱ። ምን ያህል ቆየ? ሁለት ሰከንድ ይሆናል። በእኔ ግን አሁንም አላለቀም። ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩና፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ።

እኔም "አብሮ ይስጠን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ለእንግዳ የሚባለውን አልኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ቆየት ብሎ ከጎናቸው የተቀመጡት ጓደኛቸው ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው "የዛሬው ጠላ ደርሷል! እንዴት ያለ ነው እናንተ?" አሉና ወደ አባባ ዞሩ፤ "አይደለም እንዴ?" አሏቸው። አባባም "ደርሷል" አሉ። ስለማይጠጡት ጠላ መሰከሩ። ልጃቸው ቆማ እየሰማች፣ ለእሷ ሲሉ ይሁን ለራሳቸው፣ እኔ አላውቅም... ድምፃቸው ላይ ምንም አልነበረም። ምንም። ሁለተኛ ልቀዳ ስመጣ ዋንጫውን በመዳፋቸው ከደኑት።

አክስቴ "ጣዕሙን ወዶት ነው ያመሰገነሽ" ትላለች። ሊሆን ይችላል። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ጥሩ ነበር። ምናልባት ልፋቴ ገብቷቸው፣ "ተባረኪ" ያንስብሻል ብለው ይሆናል። እንዲህ ያሰብኩ ቀን ደህና እተኛለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ የሚታየኝ፣ ሁሉም ከአንድ ጋን በሚጠጣበት ቤት አባቴን ብቻቸውን ነጥዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ እንደሆንኩ ነው። ለስላሳ ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ ቢያንስ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ወይም ጋኑን በሙሉ ቀጭን አድርጌ ልጥመቀው? ሁሉም 2 በመቶውን ይጠጣ? ማኅበርተኛው ምን ይላል... አይ፣ እንደሱ ከሆነ ቢያንስ "ደርሷል" ሲሉ እውነታቸውን ይሆናል። ወይም "አልደረሰም" ይሉ ነበር። እሱም ይሻል ነበር መሰለኝ። ወይስ መጀመሪያውኑ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር? "አባባ፣ ቀለል ያለ ልጥመቅልዎት?" ብል ምን ነበረበት? ሁለት ወር ሙሉ በረንዳው ላይ ስመላለስ እያዩኝ፣ እኔም አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ስለ ሐኪሙም አስባለሁ። "ቢቻል ይተዉት" ነው ያለው። ያን ግማሽ ትቼ ...

እሺ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከማሰሮው ሁለት ሊትር ያህል ተርፎ ነበር፤ ይኮመጥጣል፣ ልደፋው ነው እያልኩ ሳልደፋው ቀረሁ። ትናንት ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት አራት ጣት ያህል ጎድሏል። ክዳኑ ልክ እኔ እንደማደርገው ላላ ብሎ ተቀምጧል። ወንድሜ ነው ወይ ብዬ አሰብኩ፤ እሱም ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ያገኘውን ይጠጣል። ልጠይቀው ብዬ ስልኩን አነሳሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ባልዲው ከአጠገባቸው ነው፣ ባዶውን። እግራቸውን አስደግፈውበታል።