ስለ ዝሆኔ በሽታና ስለ ዘር፦ በጅማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሕክምና ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የሕክምና ዘረመል ባለሙያ እንደመሆኔ ከዘር ጋር ስለሚያያዙ ብዙ በሽታዎች መናገር እችል ነበር፤ ዛሬ ግን በአንዱ ላይ ብቻ ልቆይ። እርሱም በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ይገመታል። በሽታው የሚገኘው እንደ ጅማ አካባቢ ባለ ከፍታ ያለው፣ ዝናብ የሚበዛበትና ቀይ አፈር የለበሰ መሬት ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት የበሽታው መነሻ ትልም ሆነ ትንኝ ሳይሆን አፈሩ መሆኑን አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር ደቃቅ ብናኞች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ከሰውነት የሚተርፈውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱትን ቀጫጭን መስመሮች፣ ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹም ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። መጀመሪያ የሚሰማው የእግር ማሳከክና ማቃጠል ነው፤ ከዚያ ጣቶቹ ይደነድናሉ፣ ቆዳው ይሻክራል፣ እብጠቱም ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ ማለፉ ግን እምብዛም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው አብረው ካደጉ ወንድማማቾች የአንዱ እግር አብጦ የሌላው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው? በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነትም 63 በመቶው ከዘር ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። (ይህን አኃዝ «የታማሚ ልጅ 63 በመቶ ይታመማል» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም፤ ፍጹም ስሕተት ነው።) እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዘረመል ያነጻጸረ ጥናት ልዩነቱን ዘረመሎችን ከሚሸከሙት ክሮሞሶሞች በስድስተኛው ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባሉት ዘረመሎች አካባቢ አገኘው። እነዚህ ዘረመሎች ሰውነታችን ባዕድ ነገርን ለይቶ እንዲቆጣ የሚያደርጉ ናቸው። ስለዚህ ከወላጅ የሚወረሰው ሕመሙ ሳይሆን ለአፈሩ ብናኝ የሚሰጠው ብርቱ ምላሽ ነው፤ አፈሩ ቆዳውን ካልነካ ውርሱ ብቻውን እግር አያሳብጥም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር ከልጓም ይስባል በሚባልበት ሀገር ሽማግሌ ሲላክ አጥንት ይቆጠራል፤ «እነ እገሌ ቤት ዝሆኔ አለ» የሚል አንድ ቃል ጋብቻውን ሊያፈርሰው ይችላል። የዘረመል ጥናቱ በታሰበበት ጊዜ የተጠየቁ ቤተሰቦች የፈሩትም ይህንኑ ነበር፤ በሽታው በዘር ይወርዳል ተብሎ ሲወራ መገለሉ ይብስብናል ብለው ሰጉ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነበር። በእኔ እምነት ከሰፈሩ ጋር አስቀድሞ ሳይመክር ለጥናት ደም የሚወስድ ተመራማሪ ናሙናው የቱንም ያህል ቢበዛለት ሥራው ጎዶሎ ነው። ከጋብቻ በፊት የዘረመል ምርመራ ይደረግ ወይ ለሚለው ጥያቄም መልሴ አይደረግ ነው፤ እነዚያ የዘረመል ልዩነቶች ዕድሜ ልካቸውን ጤነኛ በሆኑ ሰዎችም ላይ ይገኛሉና።

ሕክምናው ከቤተ ሙከራ ይልቅ ለቤት ይቀርባል። እግሩን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ሳፋ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ ነው። በረባሶና ነጠላ ጫማ ጭቃውን አያግዱም። እግሩ ክፉኛ ላበጠ ሰው ደግሞ የገበያ ጫማ ስለማይገባለት በልኩ የሚሰፋለት ያስፈልገዋል፤ ይህ ወጪ ለታማሚው ብቻ የሚተው አይመስለኝም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። አንድ ታማሚ ባገኛችሁበት ቤት በዚያው ጉብኝት የልጆቹንና የታናናሾቹን እግር እዩ፤ ማታ ማታ እግራቸው ያቃጥላቸው እንደሆነ ጠይቁ፤ ጫማ የሚታደል ከሆነም ገና ያላበጡትን የዚያን ቤት ልጆች ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ጻፉ።

አመሰግናለሁ።