ልጆቻችንን እራት ሲቀርብ አታዘፍኗቸው
በሂዩስተን፣ በኢትዮጵያውያን ወጣቶች የሙዚቃ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ከሚክሰሩ፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ኋላ ነው። "ኧረ ድምፁን ቀንስልን" እያላችሁ ስትቆጡኝ ማለቴ ነው። ዛሬ ማይኩ እኔ እጅ ገብቷል፤ የሚቀንሰው የለም።

አዘጋጆቹ ስለ ወጣቶችና ስለ ሙዚቃ ጥቂት በል አሉኝ። እሺ። እኔ ግን ስለ ሁለት የፖርት አርተር ልጆች ነው የማወራው። ፖርት አርተርን ታውቋታላችሁ። በአይ-10 አውራ ጎዳና ወደ ሉዊዚያና ስትነዱ፣ ቦሞንት ላይ ወደ ቀኝ ትገነጠላላችሁ። ከዚያ በኋላ የነዳጅ ማጣሪያው ሽታ ራሱ ይመራችኋል።

ልጆቹ በርናርድ ፍሪማንና ቻድ በትለር ይባላሉ። ሰው የሚያውቃቸው ግን ባን ቢ እና ፒምፕ ሲ ብሎ ነው። ሁለተኛው ስም እናት ፊት የሚጠራ አይደለም፤ ምን ላድርግ፣ ራሱ ነው ያወጣው። የራፕ ቡድናቸው ዩጂኬ። ግጥማቸውም ቢሆን ቡና ላይ የሚከፈት አይደለም። እኔ የማወራው ስላለፉበት መንገድ ነው።

በፈረንጆቹ 1992 ጃይቭ የተባለ የኒው ዮርክ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማቸው። ያኔ ራፕ ማለት ኒው ዮርክ ነው፣ ወይ ሎስ አንጀለስ ነው። የአሜሪካን ደቡብ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! በ1995 የአትላንታዎቹ ራፐሮች አውትካስቶች ኒው ዮርክ ላይ ሊሸለሙ መድረክ ሲወጡ አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ነው የተቀበላቸው። ከነሱ አንዱ፣ አንድሬ፣ ማይኩን ያዘና ደቡብም የሚለው ነገር አለው ብሎ ወረደ።

በዓመቱ፣ በ1996፣ ዩጂኬ "ራይዲን ደርቲ"ን አወጡ። ነጠላ ዜማ የለ። ክሊፕ የለ። አልበሙ ግን በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ፣ ቢልቦርድ ላይ፣ 15ኛ ገባ። ማን ገዛው? የሰፈር ሰው ነዋ! የራሱን አነጋገር የሰማ ሰው።

አሁን የምወዳትን ታሪክ ልንገራችሁ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርኩ ራፐር ጄይ-ዚ አብረን እንሥራ አላቸው። ትልቁ ጄይ-ዚ! ፒምፕ ሲ አልፈልግም አለ። ዘፈኑ እኛን አይመስልም፣ የሰፈር ሰው ይታዘበናል ብሎ ሰጋ። ባን ቢ ለመነው፣ ተጨቃጨቁ፣ በስንት ልመና እሺ አለ። እሺ ብሎም የሰጣቸው ጥቂት ስንኝ ብቻ ነው። ክሊፑ ትሪኒዳድ ላይ ሲቀረጽ አልሄድም አለ። የሱን ክፍል ለብቻው ማያሚ ላይ ቀረጹት። እዚያስ ምን ለብሶ ቢመጣ ጥሩ ነው? በዚያ ወበቅ፣ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ካፖርት! ሙቀቱ እንዴት ነው ሲሉት፣ ቴሌቪዥን ላይ ሙቀት አይታይም አለ ይባላል። ዘፈኑ ዓለምን አዳረሰ። ክሊፑን ያየ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያንን ካፖርት ያስታውሳል። እኔ ይህን ሰውዬ የምወደው ለዚህ ነው። ትልቅ ከተማ ጠራኝ ብሎ ሌላ ሰው አልሆነም።

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። መሣሪያ ከተመዘዘበት ጠብ ጋር በተያያዘ የተሰጠውን ገደብ በመጣሱ፣ በ2002 ፒምፕ ሲ 8 ዓመት ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ጥፋቱ የሱ ነው፤ አላስተባብልም። ኩባንያው ከዚህ በኋላ ሁለቱ አብቅቶላቸዋል ቢል ማን ይፈርድበታል? ባን ቢ ግን ምን አደረገ? የጠራው ሰው ሁሉ ዘፈን ላይ ገባ። በገባበት ሁሉ "ፒምፕ ሲን ፍቱት" አለ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የወንድሙ ስም እንዲረሳ አልፈቀደም። በ2005 ማብቂያ ፒምፕ ሲ በአመክሮ ወጣ። በኦገስት 2007 አልበማቸው ቢልቦርድ ላይ 1ኛ ሆነ። ከፖርት አርተር ተነስተው፣ 1ኛ!

አራት ወር አልቆየም። በዲሴምበር 4 ፒምፕ ሲ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ገና 33 ዓመቱ ነበር። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆርጥ ሕመም ተደራርበውበት ነው። ወጣቶች፣ ያቺን ከሽሮፑ የምትሠራ ሐምራዊ መጠጥ በኩባያ ይዛችሁ የምትስቁ፣ እናንተንም እያየሁ ነው የማወራው።

አሁን ወደ ራሳችን። እዚህ ሂዩስተን ያደጉ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅለው ራፕ የሚያደርጉ ልጆች አሉን። በየበዓሉ ምን እናደርጋቸዋለን? ከአዲስ አበባ ዘፋኝ እናስመጣለን። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ። ይገባዋል፣ ሠርቶ ነው። ልጆቻችንስ? "ሰው እስኪበላ አንድ ሁለት ይበሉ።" ሳህን እየተንኳኳ፣ ወጥ እየተጨለፈ፣ ሳውንድ ቼክ እንኳ ሳይደረግላቸው!

ስም አልጠራም። አንድ በዓል ላይ አንዲት ልጅ ሁለተኛ ግጥሟን ጀምራለች። አዘጋጁ እኔ ጋ መጣና "ሙዚቃውን ቁረጠው፣ ቁርጡ ቀርቧል" አለኝ። በቀልዱ ራሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልቆርጥም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ጠርቶኝ አያውቅም። እናቷ ስለ ክፍያ ስትጠይቀው ደግሞ "ዕድል ሰጥተናት!" አላት። የምን ዕድል? ከፊት የቆሙት ወጣቶች የሷ ጓደኞች ናቸው። ትኬት ገዝተው ነው የገቡት። ዕድሉን የሰጠችው እሷ ናት! ተቀባዩ እሱ ነው!

አንዳንዶቻችሁ "ከዘፈነች አትላንታ ትሂድ፣ ዲሲ ትሂድ" ትላላችሁ። ባን ቢ እዚሁ ነው ያለው። በ2011 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ስለ ሃይማኖትና ሂፕ ሆፕ አስተማረ። በ2022 በሂዩስተን ሮዲዮ፣ በከተማው የከብትና የፈረስ ትርዒት ላይ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት ዘፈነ። አሁን በርገርም ይሸጣል፤ ሰልፉን ያየ ያውቀዋል።



የምጠይቀው ለእንቁጣጣሽ ነው። ልጆቹ ከእራት በኋላ፣ ዋናው ዘፋኝ ከመውጣቱ በፊት ሙሉ አንድ ሰዓት ይሰጣቸው። ሳውንድ ቼክ ይደረግላቸው፤ እኔ በነፃ አደርገዋለሁ። ክፍያቸው በዚያው ሌሊት እጃቸው ይግባ። ስማቸውም ፖስተሩ ላይ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። ኮሚቴው ፖስተሩን ከማሳተሙ በፊት መልስ እፈልጋለሁ። ሊቀመንበሩ እዚያ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ሲወጡ ያዙልኝ።