ለቡቺ ብዬ ቀረሁ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄ የሚያስተጋባ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ሳሎኑ ባዶ ነው። ሶፋው ተሽጧል፣ መጋረጃው ወርዷል። የቀሩት አንድ ፍራሽ፣ ሁለት የጅማ በርጩማና አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ናቸው። ስለ ሳጥኑ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን መስከረም 5 ቀን ወደ ቤልጂየም ሄደዋል። እሷ ሉቨን ከተማ የዶክትሬት ትምህርቷን ጀምራለች። እኔ እስካሁን ጅማ ያለሁት ለቡቺ ብዬ ነው። ቡቺ ውሻችን ነው። የሰፈራችን አንድ ሐጂ ነገሩን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክሏል። ለውሻህ እንዴት ሰጡት?» አሉኝ። ውሻ ቪዛ አያስፈልገውም ማለት ነገሩን ማባባስ ስለሚሆን ዝም አልኩ።

ቪዛ ባይጠየቅም ደም ይጠየቃል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ውሻ መጀመሪያ ቆዳው ሥር መለያ ቁጥሩን የያዘ ማይክሮቺፕ ይቀበርለታል፤ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተቀድቶ ኅብረቱ በሚቀበለው ቤተ ሙከራ ይመረመራል። ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ አለበት፤ በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊደበቅ ይችላልና። ሕጉ ሞኝ አይደለም። ሞኙ እኔ ነኝ፤ ሐምሌ ላይ ቺፑ ሳይገባለት አስከተብኩት። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት ደግሞ አይቆጠርም። የተከተበው ይኸው ውሻ መሆኑ በምን ይታወቃል? ነሐሴ 15 እንደገና ከአንድ ጀመርን።

ያን ቀን ሐኪሙ መርፌውን ሲያወጣ ፊቴን አዞርኩ። ከክትባት መርፌ በጣም ይወፍራል፤ ውስጡ ያለችው ቺፕ ግን የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጥጦ አነሣና ሰደደው። ቡቺ አንዴ ጮኸ፣ ወዲያው የሐኪሙን ጫማ ማሽተት ጀመረ። ማንበቢያው አንገቱ ላይ ሲያልፍ 15 አኃዝ ብቅ አለ። የ6 ዓመቱ ልጃችን ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ገልብጦ በሦስት ቀን በቃሉ ያዘው። የእኔን ስልክ ቁጥር ግን ዛሬም አያውቀውም።

ደሙ የተቀዳው መስከረም 20 ነው፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ። ወንድሜ «አንተም ሂድ፣ እኔ እልከዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ደንቡ ግን እንስሳው ከባለቤቱ ጉዞ በፊትም ሆነ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ እንዲጓዝ ይላል፤ ከዚያ ካለፈ በንግድ እንስሳት ደንብ ይታያል። ስለዚህ አንዳችን መቅረት ነበረብን። ባለቤቴ ይህን ተናግራ ሳትጨርስ «እኔ እቀራለሁ» አልኩ። እሷም ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሻንጣዋ ተመለሰች። ያ አስተያየቷ እስካሁን አልለቀቀኝም።

እውነቱን ልናገር። እዚህ 11 ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ሄርማታ መርካቶ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰላም እያሉኝ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እቆማለሁ። እዚያ የተማሪ ባል ነኝ፤ ሥራዬ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ነው። ልጅ ማድረስ አያሳፍርም፣ አውቃለሁ። ግን የ3 ዓመቷ ልጄ በስልክ የደች ቃል ስትነግረኝ ወንድሟ ይተረጉምልኛል፤ እኔም እየሳቅሁ እቀበላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሳቁ የሚጠፋብኝ። ቡቺ ያስፈለገኝን ምክንያት ሰጠኝ፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም።

ድመቷን ትጠይቁኝ ይሆናል። ሶፋው በወጣ ማግስት ጎረቤት ሄዳ ተቀመጠች። ለእሷ ማንም ወረቀት አልሞላም።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። የአውሮፕላን ሳጥን በውሻው ልክ መሆን አለበት፤ ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥር ያለው ሲሆን፣ ከመሬት እስከ ክርኑ ያለው ግማሽ ይጨመርበታል። ልኩን ይዤ በርጩማ የሚሠራ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ስንት ሰው ይቀመጥበታል?» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ በአራቱም ጎን የአየር ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዎቹንም በአበባ ቅርጽ ፈልፍሏቸዋል። ለአበባው ተጨማሪ ሂሳብ አልጠየቀኝም።

አሁን ታኅሣሥ ገብቷል። ቡና ለቀማው እያለቀ ነው፤ ከየግቢው የሚሰጣው ቡና ሽታ በመስኮት ይገባል። የቡቺ 3 ወር በወሩ 20 ገደማ ይሞላል። ከዚያ ወደ 350 ኪሎ ሜትር፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርደን ወጥተን፣ አዲስ አበባ፤ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈርመው የጤና ሰርተፍኬት ደግሞ አውሮፓ ከመግባታችን በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት።

እያወራሁ ሳለ ቡቺ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። እንዲለምደው ብዬ በሩን ከፍቼ ከተውኩት ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አሁን ማታ ማታ ራሱ ነው የሚገባው። የእኔ ሻንጣ ግን አሁንም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው። ነገ አወርደዋለሁ ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ትናንትም እንዲሁ ብያት ነበር።