ከማሽኑ በፊት ሰውየውን መዝግቡ

የተከበራችሁ የቤተ መዛግብትና የሙዚየም ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ቺካጎ አጠገብ ባለችው ፎረስት ፓርክ፣ ዉድላውን በተባለው መካነ መቃብር ውስጥ፣ የተጓዥ ትርኢት ሰዎች ያረፉበት ቦታ አለ። ከድንጋይ የተቀረጹ ዝሆኖች ቆመውበታል። አንዱ የመቃብር ድንጋይ ላይ «ባልዲ» ተብሎ ተጽፏል፤ «መላጣው» ማለት ነው። ሌላው «ባለ አራት ፈረስ ነጂ» ይላል። ሌሎቹ ላይ ደግሞ «ያልታወቀ ወንድ» የሚል ቃልና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ጁን 22 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢንዲያና ውስጥ ሃሞንድ አቅራቢያ የሃገንቤክ ዋላስ ሰርከስን የጫነ ባቡር በሌላ ባቡር ተገጭቶ 86 ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ ብዙዎቹን ባልደረቦቻቸው የሚያውቋቸው በቅጽል ስም ብቻ ነበር።

እነዚህ የሰርከስ ሰዎች ናቸው። የዛሬው ጉዳያችን ግን የሙያ ዘመዶቻቸው የካርኒቫል ሠራተኞች ናቸው። ካርኒቫል ስንል የብራዚሉን የአደባባይ ጭፈራ ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ ካርኒቫል የሚባለው ፌሪስ ዊሉን (መቀመጫዎች የተንጠለጠሉበትን ትልቅ መንኮራኩር)፣ ካሩሰሉን (ሰው በእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀምጦ የሚዞርበትን መጫወቻ)፣ የውርርድ ጨዋታውንና ምግቡን በተሳቢ ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ነው። ድንኳኖቹ የሚደረደሩበትን መንገድ «ሚድዌይ» ይሉታል፤ ስሙ ከ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወረሱት ነው። በእንግሊዝም ተመሳሳይ ሰዎች አሉ። በ1889 ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ሰው በተንቀሳቃሽ ቤት የሚኖሩትን የሚቆጣጠር ሕግ ለማጸደቅ ሲነሳ፣ ያንን ለመመከት ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ።

ማሽኖቹ ጠባቂ አላጡም። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኖርዝ ቶናዋንዳ ውስጥ የኸርሼል የካሩሰል ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል፤ ፍሎሪዳ፣ ጊብሰንተን ላይ የትርኢት ሰዎቹ የራሳቸው ሙዚየም አላቸው፤ የእንግሊዙ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲም ከ1994 ጀምሮ ስለዚሁ ሙያ ትልቅ መዝገብ ይዟል። እየጠፋ ያለው በሠራተኛው እጅና አፍ ያለው እውቀት ነው።

አንድ የካሩሰል ፈረስ እንውሰድ። አብዛኛው ባስውድ ከሚባል ለስላሳ እንጨት የተጠረበ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተጣብቆ የተሠራ። የአሜሪካ ካሩሰል ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሚዞር ለተመልካች የሚታየው የፈረሱ ቀኝ ጎን ነው፤ ጌጡ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የእንግሊዙ በተቃራኒው ስለሚዞር ግራ ጎኑ ያጌጠ ነው። በአንድ ቦታ ተተክሎ ለሚቀር ካሩሰል የተጠረበ ፈረስ እግሩን እንደልቡ ይዘረጋል፤ ለተጓዥ የተሠራው ግን ሰውነቱ ቀጠን፣ እግሩም ሰብሰብ ያለ ነው። ለምን? ባቡር ላይ ሲደራረብ እንዳይሰበር። በኋላ እግሩ ከአሉሚኒየም፣ ቀጥሎም ሁለመናው ከአሉሚኒየም መሠራት የጀመረውም በአመዛኙ ለዚሁ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ቅርጹ ደካማ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ቀለሙን መፋቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ በየክረምቱ የተደራረበው ቀለም የሥራ ታሪኩ ነውና፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁን ቢሮ ውስጥ አታድርጉት፤ ሽማግሌውን ሠራተኛ ማሽኑ ጋ ውሰዱት። «ሕይወትዎ እንዴት ነበር?» ብትሉት «ጥሩ ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። «ከተሳቢው መጀመሪያ የሚወርደው ምንድን ነው?» በሉት። ያኔ እጁ ይናገራል። መሬቱን በውሃ ልክ እንዴት እንደሚለካ፣ በረባዳው በኩል ስንት የእንጨት ጉማጅ ከስር እንደሚደረድር ያሳያል። መሠረቱ ትንሽ ካዘነበለ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ይጫንና ኩሽኔታው ቶሎ ይበላል። ፌሪስ ዊል ላይ ሰው ሲጭን ትይዩ መቀመጫዎቹን እያመጣጠነ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሞላ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ገመድ ይንሸራተታል፣ ፍሬኑም አይዝም። ይህ የፋብሪካ መመሪያ ላይ ቢኖርም፣ ዝናብ የበላው ሜዳ ላይ ሌሊት እንዴት እንደሚደረግ መመሪያው አይነግራችሁም።

ድምፁን በዌቭ ፋይል፣ በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት ቅዱ፤ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 1 ጊጋባይት ይይዛል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ገና ሲጀመር ሙሉ ስም፣ ቅጽል ስም፣ ቀንና ቦታ ይነገር። ቅጽል ስሙን እንዳትዘሉት፤ የደመወዝ ወረቀቱና የፎቶው ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው። ጨዋታዎቹ እንዴት ይጭበረበሩ እንደነበር መናገር የማይፈልግ ይኖራል። «እኔ እስካለሁ አይከፈት» ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ አዘጋጁለት። ቋንቋቸውንም ቅዱ፤ ካርኒዎች፣ ማለትም የካርኒቫል ሠራተኞች፣ በየቃሉ መሃል «ኢዝ» የሚመስል ድምፅ እየሰነቀሩ ባዳ ፊት ይነጋገራሉ። የእኛ አዝማሪዎችም የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ ስላላቸው ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይሆንም።

ፎቶ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ለፊት ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ያዙ፣ ከጀርባው ጠርዙ አጠገብ ጻፉ። የድሮ ኔጋቲቭ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለዩት፣ ሳይኮማተር ስካን አድርጉት። የፎቶው መግለጫ አካል ጉዳተኞችን የሚያንቋሽሽ ቃል ካለበት አትሰርዙት፤ የራሳችሁን መግለጫ ከጎኑ ጨምሩ።

በመጨረሻ ሸራው። የትርኢት ድንኳን ፊት የሚሰቀለው ባለ ሥዕል ሸራ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መታጠፉ ነው፤ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ዝናብ እንደመታው መጠቅለሉ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይመጣል። ስፋቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ፣ ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨምቆ ይረግፋል። በላዩ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት፣ ከዚያ ታጥቦ ስታርቹ የወጣለት አቡጀዲ። ፕላስቲክ አታልብሱት። ቱቦውን በሁለት ጫፉ አንጠልጥሉት እንጂ መሬት ላይ አታጋድሙት፤ በክብደቱ ይደፈጠጣል።

ለልምምድ ያዘጋጀነው ሸራ እዚያ ጎን ጠረጴዛው ላይ አለ። ሁለት በየጫፉ፣ አራት ሰው እንፈልጋለን። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ።