የክብደት ሰሌዳው ከግድግዳችን ይውረድ

በስፖርት ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ አሰልጣኞች፣ እንዲሁም የአመራር ኮሚቴው አባላት፤

በዚህ ጉባኤ የአሰልጣኞችን ሪፖርት እንዳቀርብ አደራ ተሰጥቶኛል። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስለሚገኝ አንድ በአንድ በማንበብ ጊዜያችሁን አልወስድም። የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ላውለው እፈልጋለሁ። ነባር አባላት በየአጋጣሚው አንሥታችሁልኛል፤ አዳዲሶቹም በየሳምንቱ መጨረሻ ሚዛኑ ፊት ስትሰለፉ ጉዳዩን በራሳችሁ ደርሳችሁበታል።

በአዳራሻችን መግቢያ ላይ ሚዛን አለ፤ ከሚዛኑ በላይ ደግሞ የሁላችንንም ስም የያዘ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየሳምንቱ የቀነሰ ከላይ፣ ያልቀነሰ ከታች ይጻፋል። ሰሌዳውን የጀመሩት ሰዎች አባላቱ እርስ በርስ እንዲበረታቱ አስበው እንደነበር አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህ ሰሌዳ ያበረታታቸውን ሰዎች ልቁጠር ብል ስማቸው ከላይ ከተጻፉት ከጥቂቶቹ ውጪ አላገኝም፤ ያስወጣቸውን ልቁጠር ብል ግን ብዙዎቹን እናንተም ታስታውሷቸዋላችሁ።

ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ወደ እኛ ሲመጡ የመግቢያውን ደረጃ የሚወጡት መደገፊያውን ይዘው፣ መሐል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ነበር። ከወንበር ለመነሣት ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መጫን ነበረባቸው። የመጀመሪያ ልምምዳችንም ይኸው ነበር፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ከዚያም በአዳራሹ ዙሪያ በቀስታ መራመድ። ዝናብም ሆነ ፀሐይ ሳይቀሩ መጡ። ከወራት በኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር ይነሡ ጀመር፤ ደረጃውንም እየተነጋገርን አብረን ወጣነው፣ ያን ዕለት መሐል ላይ እንዳልቆሙ ያስተዋልኩት ላይኛው እርከን ላይ ከደረስን በኋላ ነበር። ቀሚሳቸው ወገባቸው ላይ ሰፍቶ ስፌት አስገብተውበታል። የደም ግፊታቸው መውረዱን ሐኪማቸው እንደነገሯቸውና እንቅልፋቸው እንደተስተካከለ የነገሩኝም ራሳቸው ናቸው።

ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ግን ቁጥሩ በመጡበት ሰሞን ከነበረው ፈቅ አላለም። ስለዚህ ስማቸው ከሳምንት ሳምንት ከሰሌዳው ግርጌ አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ከአባላቱ አንዱ፣ ከልቡ አዝኖላቸው፣ «አይዞዎት እናቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀንሳል» አላቸው። እንኳን ደስ ያለዎት ሊባሉ የሚገባቸው ሴት በሰው ፊት ተጽናኑ! ልምምዱ ሲያልቅ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የለፋሁት በከንቱ ነው ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው። ይሁን እንጂ የእኔ ቃል በጆሮ የሚገባ ነው፤ ሰሌዳው ግን በአደባባይ የተጻፈ ነበርና አሸነፈኝ። ከዚያ ሳምንት በኋላ አልመጡም።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ጉልበቷ የጠና፣ ልቧ የበረታ፣ የደም ግፊቷ የወረደ ሴት «አልተለወጠችም» ብሎ የሚመሰክር ሰሌዳ በምን ሥልጣን ነው በበራችን ላይ ቆሞ የሚፈርደው? ማን ሾመው? ያን ፍርድ በየሳምንቱ በእጃችን የምንጽፈውስ እኛው አይደለንም?

ሚዛን ምን እንደሚለካ በግልጽ እንነጋገር። አጥንትን፣ ጡንቻን፣ ስብን፣ ደምን፣ ውሃን፣ ገና ያልተፈጨውን ምግብ ጭምር በአንድ ላይ ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የትኛው እንደጨመረና የትኛው እንደቀነሰ ለይቶ ሊናገር አይችልም። እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደት የሚጨምሩ በጎ ለውጦች በውስጡ ይካሄዳሉ። የደሙ ፈሳሽ ክፍል መጠኑ ከፍ ይላል፤ ልብም በአንድ ምት የበለጠ ደም እንድትረጭ የሚያግዛት አንዱ ነገር ይህ ነው። ጡንቻዎቹ ለሥራ የሚሆናቸውን ግላይኮጅን የተባለ ስንቅ አብዝተው ያከማቻሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅንም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ያልለመደውን ሥራ ሠርቶ የደከመ ጡንቻም ራሱን እስኪጠግን ፈሳሽ ይቋጥራል። ጨው የበዛበት ምግብና የወር አበባ ዑደት ሲጨመሩበት፣ አንድ ግራም ስብ ሳይጨምር የአንድ ሰው ክብደት በቀናት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

አሁን ይህን ከስሌት ጋር አገናዝቡት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚያቃጥለው 150 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቢራመድ 750 ይሆናል፤ ይህም አመጋገቡ ባለበት ከቀጠለ በሳምንት 100 ግራም ያህል ስብ ማለት ነው። እንግዲህ በራሱ ጊዜ እስከ 2 ኪሎ በሚዋዥቅ ቁጥር ውስጥ የ100 ግራም ለውጥ በየሳምንቱ እንፈልጋለን፤ ስናጣውም ሰውየውን «አልሠራህም» እንለዋለን። ሠርቷል! ከሳምንት እስከ ሳምንት የሠራውን ለይቶ ማየት ያልቻለው መሣሪያው ነው።

ክብደት የመቀነስ ጉዳይ በአብዛኛው የአመጋገብ ጉዳይ መሆኑን ከእናንተ መደበቅ አልፈልግም። እንቅስቃሴ ብቻውን በኪሎ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ያነሰ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብንናገር ኖሮ ብዙ ተስፋ መቁረጥ ይቀር ነበር፤ ምክንያቱም እንቅስቃሴ ሚዛኑ ባይነቃነቅም የሚሰጣቸው ነገሮች አሉት። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸውን፣ ለልብና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠውን ስብ ይቀንሳል። ጡንቻ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል። ጡንቻ ከስብ ይልቅ እምቅ በመሆኑ፣ ማለትም በእኩል ክብደት ያነሰ ቦታ ስለሚይዝ፣ ስብ ቀንሶ ጡንቻ የጨመረ ሰው በዚያው ክብደት ላይ ሆኖ ልብሱ ይሰፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ብሪታኒያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በለንደን የአውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይነዳሉ፤ ትኬት ቆራጮቹ ደግሞ የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ምናልባት ከውፍረት የመጣ ይሆን ብለው የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መረመሩ፤ በእርግጥም የሾፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን ቀጭኑም ሆነ ወፍራሙ ትኬት ቆራጭ ከሾፌሮቹ ይልቅ ልቡ የተጠበቀ ነበር። ከሰባ ዓመት በፊት የታወቀውን ነገር እኛ ዛሬም በሰሌዳ እንክደዋለን! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያወጣው ምክርም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ በሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ ማጠንከሪያ ሥራ የሚል ነው። ድርጅቱ የቆጠረው ደቂቃ ነው፤ የእኛ ሰሌዳ ኪሎ ይቆጥራል።

ሚዛኑ ይጣል አላልኩም። የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ካዘዛቸው በየቀኑ መመዘን አለባቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታይ ድንገተኛ ጭማሪ የፈሳሽ መከማቸት ምልክት ነውና። ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደትም ምርመራ ይፈልጋል። ለመገጣጠሚያው ወይም ለስኳር ሕመሙ ሲል ክብደት የሚቀንስ ሰውም በየጊዜው መመዘኑ ተገቢ ነው። ሚዛኑ በመጋረጃ ተከልሎ ለሚፈልገው ሰው ይቀመጥ።

በሰሌዳው ፋንታ ለእያንዳንዱ አባል በራሱ እጅ የሚቀመጥ ደብተር እንስጥ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመድ፣ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የልብ ምቱ ስንት እንደሆነና የወገቡን ዙሪያ በየወሩ ይጻፍበት። እነዚህም ለብዙ ወራት ካልተለወጡ፣ ያኔ ልምምዱን ማክበድ ወይም መለወጥ የእኛ የአሰልጣኞቹ ድርሻ ነው፤ ጥፋቱን በአባሉ ላይ አናሳብብም።

ስለዚህ የአመራር ኮሚቴው ይህን የውሳኔ ሐሳብ ዛሬውኑ፣ ጉባኤው ሳይበተን ለድምፅ እንዲያቀርብልኝ እጠይቃለሁ። ካጸደቃችሁት ሰሌዳውን ዛሬ ማታ አወርደዋለሁ። በሰሌዳው ምክንያት የቀሩትን አባላት ደግሞ እያንዳንዳችን የምናውቀውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደን እንጥራ። እኔም የእኒያን እናት ቤት አውቀዋለሁ፤ ነገ እሄዳለሁ።

አመሰግናለሁ።