ፖስቱን ተዉትና ዶክመንቱን ክፈቱ! (ደሞ የኦዞንን ነገር ዛሬ እንጨርሰው)

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ከሐዋሳ ነኝ፣ በረንዳ ላይ ስለምቀርጽ የባጃጅ ድምፅ ቢገባባችሁ ታገሱኝ። ባለፈው ቪዲዮ ስር የተደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው፣ «ምን እናንብብ?» ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለዚህ ስለምንኖርበት ማህበረሰብ ምን እናንብብ? እሺ፣ እነግራችኋለሁ፣ ግን የመጽሐፍ ዝርዝር አልሰጥም፣ እሱን የሚሰጥ ቻናል ሞልቷል። እኔ የምሰጣችሁ ሰው ሁሉ የሚያወራባቸው፣ ግን ማንም ከፍቶ የማያያቸውን ዶክመንቶች ነው። ነፃ ናቸው፣ ፒዲኤፍ ናቸው፣ ደሞ ከምታስቡት በላይ አጭር ናቸው።

ለምን ዶክመንት? እስቲ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ እንውረድ።

ሐዋሳ መጥቶ አሞራ ገደል ያልሄደ ሰው ሐዋሳ አልመጣም፣ ይሄን ሁሌም እላለሁ። በጠዋት ከደረሳችሁ ጀልባው ሲገባ ታገኙታላችሁ። ቆሮሶው መረቡ ውስጥ ገና ይንፈራገጣል፣ አምባዛው ጢሙን ዘርግቶ ተጋድሟል፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን አይሁን በእጃችሁ ገልጣችሁ ታያላችሁ። ማንም አይሸውዳችሁም፣ ዓሣው እዛው ፊታችሁ ነው። ትንሽ ካረፈዳችሁ ደሞ ልጆቹ በዛ ቢላቸው ቆዳውን ገፈው አጥንቱን አውጥተው ፊሌቶ ያደርጉላችኋል፣ እጃቸው ሲፈጥን ልቤ ነው የሚጠፋው በነገራችን ላይ። ግን አሁን ቆሮሶ ነው አምባዛ ነው የሚለውን በነሱ ቃል ነው የምታምኑት። ከዛ ይጠበሳል፣ በዳጣ ይመጣል፣ ይጣፍጣል፣ ውሸት አልናገርም በጣም ይጣፍጣል! የዛሬ ነው የትናንት ብትሉኝ ግን ዘይቱና ዳጣው ሸፍኖታል። ሾርባው ጋ ስትደርሱማ ምን ገብቶበት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። መጨረሻ ላይ አባ ኮዳ አለ፣ ያ ራሰ በራው ትልቁ ወፍ፣ የተጣለውን እየለቀመ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል።

ዶክመንቱ ጀልባው ላይ ያለው ዓሣ ነው። ዜናው ፊሌቶ ነው። የፌስቡኩ ፖስት ጥብስ ነው። የቲክቶኩ ሾርባ ነው። አባ ኮዳዎቹን ስም አልጠራም፣ እነሱም ቻናል አላቸው። ጥብስ አትብሉ አላልኩም፣ እኔም ራሴ ጥብስ ሻጭ ነኝ፣ አሁን የምታዩት ቪዲዮ ጥብስ ነው እኮ! ግን አንዳንዴ በጠዋት ተነሱ።

እሺ የመጀመሪያው፣ የአይፒሲሲ ሪፖርት፣ ማለትም ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተጠናውን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ተቋም ሪፖርት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምናገረው። ቶሎ ቶሎ ልበለው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ1988 የተባበሩት መንግሥታት ሁለት ድርጅቶች ያቋቋሙት ነው፣ ራሱ ጥናት አያጠናም፣ የታተመውን ይገመግማል፣ ሦስት የሥራ ቡድን አለው፣ አንደኛው ሳይንሱን ሁለተኛው ጉዳቱን ሦስተኛው ልቀት መቀነሱን ያያል፣ ስድስተኛው ሪፖርት ከ2021 እስከ 2023 በየተራ ወጣ፣ «ላይክሊ» (ሳይሆን አይቀርም) ካለ የመሆን እድሉ ቢያንስ 66 በመቶ ነው ማለቱ ነው «ቬሪ ላይክሊ» ካለ ቢያንስ 90፣ አለቀ፣ እንቀጥል።

የአንደኛው ቡድን ሙሉ ሪፖርት ከ2,000 ገጽ በላይ ነው፣ እሱን አንብቡ ብዬ አልጨክንባችሁም። ማጠቃለያው ግን 30 ገጽ ገደማ ነው። ደሞ እያንዳንዷን መስመር የመንግሥታት ተወካዮች ቁጭ ብለው ተከራክረው ነው የሚያፀድቋት፣ ነዳጅ ሻጩም አገር ባሕር ሊውጣት የደረሰችውም ደሴት እዛው ክፍል ውስጥ ናቸው። እነሱ ሁሉ እሺ ያሉት ዓረፍተ ነገር ለኔ ከሺህ ፖስት ይበልጥብኛል።

ከዛ የሁለተኛውን ቡድን ምዕራፍ 9 ክፈቱ፣ አፍሪካ ነው። እዛ ውስጥ አንድ ቁጥር አለች፣ 34 በመቶ። ይቺን ቁጥር ስትጠበስ አይቻታለሁ! «የአፍሪካ ምርት በ34 በመቶ ወደቀ» ተብላ። ሪፖርቱ እንደሱ አላለም። ያለው ከ1961 ጀምሮ የግብርና ምርታማነት እድገት በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት በ34 በመቶ ቀንሷል ነው። እድገቱ! ማለትም ምርታማነቱ ጨምሯል፣ ግን ለውጡ ባይኖር ይጨምር በነበረው ልክ አልጨመረም። አንዲት ቃል ስትወድቅ ሌላ ወሬ ሆነ። እዛው ምዕራፍ ላይ ሌላም አለ፣ ከ1990 እስከ 2019 በዓለም ለአየር ንብረት ምርምር ከወጣው ገንዘብ አፍሪካን ለማጥናት የዋለው 3.8 በመቶ ብቻ ነው፣ ከሱም ውስጥ አብዛኛው የሄደው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላሉ ተቋማት ነው። ስለ እኛ እንኳን የሚያጠናው ሌላ ሰው ነው። ይሄ ሳይንስ ነው ፖለቲካ? እናንተ ንገሩኝ።

አሁን ቆይ፣ ስለ ሙቀት ባወራሁ ቁጥር ኮመንት ላይ የሚመጣ ነገር አለ፣ ዛሬ ሳልመልስ አላልፍም። «ወንድሜ ሙቀቱ እኮ ኦዞን ተቀዶ ነው»። ሁሌ! ሁሌ ይመጣል! እኔ ጥፋቱን የማደርገው ትምህርት ቤት ላይ ነው፣ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ስለነገሩን ተደባልቆብን ቀረ።

ስሙኝ። ኦዞን ከላይ ሰማይ ላይ ያለ የጋዝ ንጣፍ ነው፣ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀርልናል፣ እሱ ሲሳሳ የሚያሰጋው የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ ነው። የዓለም ሙቀት ደሞ ሌላ ነው፣ ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች፣ ምድር ሙቀቱን መልሳ ወደ ላይ ትለቃለች፣ ከድንጋይ ከሰል ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንን የሚወጣውን ሙቀት ይይዘዋል። አንዱ የሚገባው ነገር ነው፣ አንዱ የሚወጣው። ደሞ ቀዳዳ የሚባለው ያለው አንታርክቲካ ሰማይ ላይ ነው፣ ሐዋሳ ላይ አይደለም!

ዋናው ማስረጃ ግን ይሄ ነው። ኦዞን እያገገመ ነው። ቀዳዳው በ1985 ታወቀ፣ በ1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተፈራረሙ፣ ኦዞንን የሚበላው፣ የድሮ ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ የነበረው ሲኤፍሲ የሚባለው ጋዝ እየቀረ መጣ፣ አሁን ባለው ግምት የአንታርክቲካው በ2066 አካባቢ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል። እና ሙቀቱ የኦዞን ጥፋት ቢሆን ኦዞን ሲያገግም ሙቀቱ መቀነስ አልነበረበትም? እየጨመረ ነው እኮ!

ሙሉ በሙሉ አይገናኙም ማለቴም አይደለም፣ ቀድሜ ልናገር ምክንያቱም ኬሚስትሪ የተማራችሁ ልትመጡብኝ ነው። ሲኤፍሲ ራሱ ሙቀት ያዥ ጋዝ ነው። እሱን የተካው ኤችኤፍሲ ደሞ ኦዞንን አይነካም፣ ሙቀት ግን በደንብ ይይዛል፣ ለዛ ነው በ2016 ኪጋሊ ላይ እሱንም እንቀንስ ተብሎ የተስማሙት። በቃ። ከዛሬ በኋላ ኦዞን የሚል ኮመንት ካየሁ ይሄን ቪዲዮ ነው የምልክለት። እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደሞ ይኸው ምክንያት።

ወደ አገር ቤት እንምጣ፣ ነጋሪት ጋዜጣ፣ የአገሪቱ ሕግ የሚታተምበት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሕግ ረቂቅ አይቶ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሲመራው ፌስቡክ ላይ «አዲስ ሕግ ወጣ» ይባላል። ረቂቅ ነው ገና፣ ፓርላማው አላፀደቀውም፣ ነጋሪት ላይ አልታተመም። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ቁጥር ከሌለው አዋጅ አይደለም።

ሁለት ብቻ ልምረጥላችሁ፣ የአዋጆቹ ዓመት ግን በኛ አቆጣጠር ነው። አንደኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፣ በፈረንጅ 1321/2024 ተብሎ ስለሚጻፍ ሁለት ሕግ የሚመስላቸው አሉ፣ አንድ ነው። ስለናንተ የያዙትን መረጃ የማየት፣ የማስታረም፣ የማሰረዝ መብት አላችሁ ይላል፣ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ይሄን አንብባችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ግቡ፣ ዴስክቶፑ ላይ የሰፈሩ ሰው መታወቂያ በሙሉ ተደርድሮ ታዩታላችሁ፣ የናንተም አለ።

ሁለተኛው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ ነው፣ 1185/2012። የማህበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው አካውንት ደሞ ሐሰተኛ መረጃ ቢለጥፍ ቅጣቱ ከፍ ይላል። የኔ ቻናል 5,000 ሲያልፍ ጓደኞቼ ኬክ ገዙልኝ፣ እኔ አዋጁን አነበብኩ።

አነባበቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ከመግቢያው አትጀምሩ። «ትርጓሜ» የሚለውን አንቀጽ መጀመሪያ አንብቡ፣ አብዛኛው አዋጅ ላይ አንቀጽ 2 ነው። «ጥላቻ ንግግር» ማለት ሕጉ ዘንድ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ስለቅጣቱ ብትከራከሩ ትርፉ ድካም ነው፣ ጭቅጭቁ ሁሉ እዛች አንቀጽ ውስጥ ነው ያለው። አይፒሲሲ ላይ ደሞ በየምዕራፉ ተዘውትረው የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፣ እንግሊዝኛው እሱ ጋ ስለሚቀል ከዛ ብትጀምሩ ይሻላል።

ፒዲኤፎቹን ሁሉንም ቴሌግራም ቻናላችን ላይ አድርጌያቸዋለሁ። በሚቀጥለው የዳታ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ እናያለን፣ እስከዛ ትርጓሜውን አንብባችሁ ያልገባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቻው ቻው።